የይዘት አስተዳደር ፕሮጀክት ውስጥ የገባ ሰው ምን ያንብብ?

ቦርከና ማዶ (ኮምቦልቻ)

ሰላም ለሁላችሁ፣ እህታችሁ ነኝ ከኮምቦልቻ። መሥሪያ ቤታችን ድረ ገጹን እንደ አዲስ ሊሠራ ነው። አብሮም የድሮ መመሪያዎችን፣ ቅጾችንና ፎቶዎችን ስካን አድርጎ አንድ ቦታ ለማስቀመጥ ታስቧል። ቡድኑ ውስጥ ያለነው እኔ ከኮሚዩኒኬሽን፣ አንድ የአይሲቲ ባለሙያ እና የመዝገብ ቤቷ ኃላፊ ነን። እስካሁን ስብሰባው ሁሉ የሚያልቀው በአንድ ጥያቄ ነው፤ ድረ ገጹ የሚተዳደርበት ሶፍትዌር ዎርድፕረስ ይሁን ወይስ ድሩፓል? ከዚያ በፊት ማወቅ ያለብን ነገር እንዳለ ይሰማኛል። ሥራው ሳይጀመር ሦስታችንም ብናነበው የምትሉት ምን አለ? እንግሊዝኛው ቢከብድም ተጋግዘን እናነባለን። ብዙ ገንዘብ ግን የለም።

ጦሳ ስር (ደሴ)

እህቴ፣ የሶፍትዌሩን ነገር ለጊዜው ተዉት። መጀመሪያ የክርስቲና ሃልቨርሰንን «ኮንተንት ስትራተጂ ፎር ዘ ዌብ» አንብቡ። የወጣው እ.ኤ.አ. በ2009 ነው። በ2012 ከሜሊሳ ራች ጋር ሆና ያሳተመችው ሁለተኛ እትም አለ፤ ካገኛችሁ እሱን ያዙ። ቋንቋው ቀለል ያለ ነው፣ የኮምፒውተር ዕውቀት አይጠይቅም።

ለምን እሱን እንዳስቀደምኩ ልንገርሽ። መጽሐፉ የይዘትን ሥራ በአራት ከፍሎ ያየዋል። ምን እንላለን? እንዴት እናደራጀዋለን? በእነማን እጅ አልፎ ይወጣል? ከወጣ በኋላስ የሚወስንበት ማነው? እኛ ጋ ብዙ ጊዜ የሚሠራው ሁለተኛው ብቻ ነው። ሜኑ ይደረደራል፣ ቀለም ይመረጣል፣ ድረ ገጹ ይመረቃል። ከዚያ ዓመት ቆይተሽ ስትገቢ የመጨረሻው ዜና የምረቃው ዜና ነው። ሶፍትዌሩ ምንም አልሆነም። የሚጽፍ፣ የሚያርም፣ የሚያጸድቅ ሰው በስም አልተመደበም፣ በቃ። የብዙ ፕሮጀክት መሞቻ እዚህ ላይ ነው፤ ሳየው ሁሌም ያናድደኛል፣ ምክንያቱም ለዚህ ሌላ በጀት አያስፈልግም ነበር።

ሌላው ቁም ነገር ቆጠራው ነው። ያላችሁን ይዘት አንድ በአንድ ሳትቆጥሩ ወደ አዲስ ሲስተም አትሂዱ ይላል። ምን አለን? የትኛው ጊዜው አልፏል? የትኛው ሁለት ቦታ አለ? አሰልቺ ሥራ ነው፣ ግን የሚዘለል አይደለም። ለእኛ ለወሎዎች ደግሞ እንግዳ ነገር ሊሆንብን አይገባም። ሐይቅ እስጢፋኖስ ያለው የአባ ኢየሱስ ሞዐ ወንጌል በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ የተጻፈ ነው። ውስጡ የገዳሙ መጻሕፍት ዝርዝር ሰፍሯል። ያኔም ምን እንዳላቸው ቆጥረው ጽፈዋል።

ወልዴ ዴቭ (ወልድያ)

ጦሳ ስር ያልከው ልክ ነው። የአይሲቲ ባለሙያውን ግን በሱ ብቻ አትያዙት። እሱ የዲን ባርከርን «ዌብ ኮንተንት ማኔጅመንት» ያንብብ። እ.ኤ.አ. በ2016 ኦራይሊ ያሳተመው ነው። አንድ ሲስተም ይዞ «ይሄን ተጠቀሙ» አይልም። ሲስተሞች ሁሉ የሚጋሩትን ነገር ነው የሚያስረዳው፤ ስለዚህ ዎርድፕረስ ሆነ ድሩፓል ቢመረጥ ንባቡ ከንቱ አይቀርም።

በተለይ ይዘትን በመስክ በመስክ ስለ መከፋፈል የጻፈውን ምዕራፍ ሁለት ጊዜ አንብቡት። ምሳሌ ልስጥ። አንድ መመሪያ አለ እንበል። ብዙ ሰው አንድ ትልቅ ሳጥን ውስጥ ጽሑፉን ይለጥፋል፣ ከሥሩ ፒዲኤፍ ያያይዛል፣ ጨረሰ። ከዚያ አለቃ ይመጣና «አሁን ሥራ ላይ ያሉትን መመሪያዎች ብቻ አውጡልኝ» ይላል። አይቻልም! ሲስተሙ የትኛው እንደተሻረ አያውቅም። መመሪያው ሲገባ ግን ቁጥሩ፣ የወጣበት ቀን፣ ያወጣው ክፍል፣ በሥራ ላይ መሆኑ ወይም መሻሩ፣ የተካው መመሪያ ሁሉ የየራሱ መስክ ቢኖረው ኖሮ የአንድ ደቂቃ ሥራ ነበር።

ይዘትን ከድሮው ወደ አዲሱ ስለ ማዛወርም ራሱን የቻለ ምዕራፍ አለው። ማዛወር ሁልጊዜ ከታሰበው በላይ ጊዜ ይበላል፤ ዕቅድ ላይ «አንድ ሳምንት» ብላችሁ እንዳትጽፉ።

የስብሰባችሁን ጥያቄም ልመልስ። ድሩፓል እ.ኤ.አ. ከ2001፣ ዎርድፕረስ ከ2003 ጀምሮ ያሉ ናቸው፣ ሁለቱም ነጻ ናቸው። መስክ የበዛበት፣ ፈቃድ በየደረጃው የሚሰጥበት ይዘት ካላችሁ ድሩፓል ይመቻል። ለመማርና ባለሙያ ለማግኘት ግን ዎርድፕረስ ይቀላል። እናንተ ሦስት ናችሁ። የአይሲቲው ልጅ ሌላ ሥራ ቢያገኝ ማን ይረከባል? እሱን ጠይቃችሁ ወስኑ።

የመዝገብ ቤት ሰው (ሐይቅ)

ልጄ፣ የመዝገብ ቤቷን ኃላፊ ከመጀመሪያው ማስገባታችሁ አስደስቶኛል። ብዙ ቦታ መዝገብ ቤት የሚጠራው ዶሴውን ተሸክሞ ወደ ስካነሩ እንዲያመጣ ነው። የትኛው ዶሴ ከየትኛው ጋር እንደሚሄድ፣ የትኛው ለምን እንደተከፈተ የሚያውቀው ግን እዚያ ያለው ሰው ነው።

ለሷ ሁለት ዓይነት ንባብ አለኝ። አንደኛው ሕጉ ነው፣ እሱ ደግሞ በአማርኛ አለ። ነጋሪት ጋዜጣ ላይ አማርኛውና እንግሊዝኛው ጎን ለጎን ነው የሚታተመው። የቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት አዋጅ ቁጥር 179/1991፣ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996፣ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016። ሦስቱንም ሦስታችሁም አንብቡ። በተለይ የመጨረሻውን። ዶሴ በጅምላ ስካን ሲደረግ የሠራተኛ የሕክምና ወረቀት፣ የቤተሰብ ክርክር፣ የዲሲፕሊን ውሳኔ አብሮ ይገባል። ያ ድረ ገጽ ላይ ቢወጣ የሰው ሕይወት ይበላሻል። ፎቶዎቹንም ማን እንዳነሳቸው ጠይቁ።

ሌላው የመዛግብት አያያዝ ዓለም አቀፍ ደረጃ ነው፣ አይሶ 15489 ይባላል። እ.ኤ.አ. በ2001 ወጥቶ በ2016 ተሻሽሏል። ዋናው ትምህርቱ ረቂቅ ወረቀትና መዝገብ አንድ አለመሆናቸው ነው። ረቂቅ ይታረማል፣ ይቀየራል። ተፈርሞና ማኅተም አርፎበት የወጣ ደብዳቤ ግን ከዚያ ወዲያ ማንም ሊነካው አይገባም። የድረ ገጽ ሲስተም ሁሉንም እንደ ረቂቅ ያያል፤ «ኤዲት» የሚለው ሁሌም ክፍት ነው። ስለዚህ የተፈረመው ዋናው ቅጂ ለብቻው ይቀመጥ፣ ድረ ገጹ ላይ የሚወጣው ግልባጩ ይሁን።

አንድ ነገር ልጨምር። እ.ኤ.አ. በ1973 የኢትዮጵያን የብራና መጻሕፍት በማይክሮፊልም የማንሳት ሥራ ተጀምሮ ነበር። ከ9,000 በላይ ጥራዞች ተነሥተዋል። ቅጂው አሜሪካ፣ ሚኒሶታ ውስጥ ኮሌጅቪል በሚገኘው የሂል ቤተ መጻሕፍት አለ። የካታሎጉን ጥራዞች ዊሊያም ማኮምበርና ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ አዘጋጅተዋቸዋል። ከዚያ ውስጥ ጥቂት ገጾች ብታነቡ ስለ ሜታዳታ (ሰነዱን ለመለየት ስለ ሰነዱ የሚጻፈው መረጃ) ከየትኛውም መመሪያ በላይ ትማራላችሁ። ለእያንዳንዱ መጽሐፍ የቅጠሉ ብዛት፣ ዘመኑ፣ ይዘቱ፣ ኅዳጉ ላይ የተጻፈው ሳይቀር ሰፍሯል። መጽሐፉን በዓይኑ ያላየ ሰው የሚፈልገው መሆኑን ካታሎጉን አይቶ ያውቃል። ቁጥሩንም ልብ በሉ። ጦሳ ስር ያነሣው የሐይቁ ወንጌል 1832 ነው። ተመራማሪ ሁሉ እስከ ዛሬ የሚጠራው በዚያ ቁጥር ነው። እናንተም ለሰነድ የምትሰጡት ቁጥር ቢሮ ሲዋሐድ፣ ፎልደር ሲቀየር የማይለወጥ ይሁን።

የኩታበር ልጅ

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልን። ግን እነዚህ የእንግሊዝኛ መጻሕፍት የት ይገኛሉ? ደሴ መጻሕፍት ቤቶች ጠይቄ አላገኘሁም። ከውጭ ለማዘዝ ደግሞ የሚከፈልበት ካርድ የለኝም።

ጦሳ ስር (ደሴ)

ወንድሜ፣ እውነት ነው፣ ችግሩ የሁላችንም ነው። ቴሌግራም ላይ የሚዞረውን የተሰረቀ ፒዲኤፍ ግን እኔ አልጠቁምም፤ የቅጂ መብት አዋጅ አንብቡ ብለን በዚያው አፋችን አይሆንም። የፕሮጀክቱ በጀት ውስጥ አንድ ሁለት ኮፒ አስገቡ። የወሎና የወልድያ ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍትንም ጠይቁ፤ ባይኖራቸው እንኳ ለግዥ ሐሳብ ይቀበሉ ይሆናል።

በነጻ በይፋ የሚነበብም አለ። አቢ ኮቨርት «ሃው ቱ ሜክ ሴንስ ኦፍ ኤኒ ሜስ» የሚል እ.ኤ.አ. በ2014 ያሳተመችው መጽሐፍ ሙሉው ድረ ገጿ ላይ ይነበባል። የተዘበራረቀ ነገርን እንዴት ፈር እንደምናስይዝ ነው የሚያስተምረው፣ ገጾቹ አጫጭር ናቸው። ቡድን ሆኖ ለማንበብ የሚመች ነው።

ከሁሉ በላይ ግን የእንግሊዝ መንግሥት ድረ ገጽ የጽሑፍ መመሪያን አንብቡ። ጎቭ ዩኬ ላይ በነጻ ተቀምጧል። እ.ኤ.አ. በ2012 ሥራ ሲጀምሩ የየመሥሪያ ቤቱን ድረ ገጽ እያጠፉ ወደ አንድ ነው ያመጡት። መነሻቸው አንድ ጥያቄ ነው፤ ሰውዬው እዚህ ገጽ ላይ የመጣው ምን ፈልጎ ነው?

እስቲ ወደ እኛ አምጥተን እንየው። አንዲት እናት ከወገል ጤና ተነሥታ ደሴ ትመጣለች። የመኪና ትከፍላለች፣ ውላ ታድራለች። መስኮቱ ጋ ስትደርስ «ፎቶ ኮፒ ጎድሎሻል፣ የቀበሌ ደብዳቤም ያስፈልጋል» ትባላለች። ተመልሳ ትሄዳለች። የዚያ መሥሪያ ቤት ድረ ገጽ ላይ ግን ራዕይ አለ፣ ተልዕኮ አለ፣ እሴት አለ፣ የኃላፊው መልእክት አለ። ምን ይዞ መምጣት እንደሚያስፈልግ የሚናገር አንድ መስመር የለም። ልጇ በስልክ ከፍቶ ቢያነብላት ኖሮ ያ ሁሉ እንግልት አይደርስባትም ነበር። እኔ ይዘት አስተዳደር የምለው ይሄንን ነው። የመጀመሪያው ገጽ ላይ አገልግሎቶቻችሁ፣ የሚያስፈልገው ማስረጃ፣ ክፍያው፣ የሚወስደው ጊዜ ይቀመጥ። ራዕዩ ወደ ውስጥ ይግባ።

ፊደል (ላሊበላ)

ከተጠቀሱት የውጭ መጻሕፍት አንዱም የማይነግራችሁ ጉዳይ አለ፤ የፊደላችን ጉዳይ። የእኛ ፊደል ዩኒኮድ (የዓለምን ፊደላት ለኮምፒውተር በአንድ ወጥ ቁጥር የሚያስቀምጠው ደረጃ) ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው 3.0 እትም ነው። ከዚያ በፊት፣ ከዚያም በኋላ ለብዙ ዓመት፣ በየመሥሪያ ቤቱ የተጻፈው በየራሱ ፎንት ነው። እነዚያን ፋይሎች ፎንቱ በሌለው ኮምፒውተር ስትከፍቱ የማይነበብ የላቲን ፊደል ዝብርቅርቅ ይመጣል። ድረ ገጽ ላይ ከመውጣታቸው በፊት ወደ ዩኒኮድ መቀየር አለባቸው። ቆጠራው ላይ «በምን ተጻፈ» የሚል ዓምድ ይኑራችሁ።

ፍለጋውም እንዲሁ። ሀ፣ ሐ፣ ኀ። ሰ፣ ሠ። አ፣ ዐ። ጸ፣ ፀ። አንዱ «ሐይቅ» ብሎ የጻፈውን ሌላው «ሀይቅ» ብሎ ከፈለገ ሲስተሙ የለም ይለዋል። «መ/ቤት» እና «መሥሪያ ቤት»ም ለኮምፒውተር የተለያዩ ናቸው። የአይሲቲ ባለሙያው ዋናውን ጽሑፍ ሳይነካ የፍለጋው ማውጫ ላይ ብቻ ፊደላቱን አንድ እንዲያደርግ ንገሩት። ይሄን ካደረገ ግማሹ የፍለጋ ችግር ይቃለላል። ጸሐፊዎቹ ደግሞ አንድ አጻጻፍ ይምረጡ። እኛ ክርክር ሲነሣ የደስታ ተክለ ወልድን የ1962 ዓ.ም. መዝገበ ቃላት እንከፍታለን፤ እሱ ያለውን ተቀብለን እናልፋለን።

ቀንና ስምም አስቡበት። ጋሼ የጠቀሱት አዋጅ በአማርኛው 1321/2016፣ በእንግሊዝኛው 1321/2024 ነው። አንድ የቀን መስክ ብቻ ካላችሁ አንዱ 2016 ሌላው 2024 ይጽፍና አንድ አዋጅ ሁለት ይሆናል። ሁለት መስክ አድርጉ። ስም ላይ ደግሞ ከውጭ የመጡት ቅጾች «ላስት ኔም» ብለው በአባት ስም ይደረድራሉ። ይሄ ከተተወ ሰውን በራሱ ስም ፈልጎ ማግኘት አይቻልም።

ላኮ መልዛ (ደሴ)

የቦብ ቦይኮን «ኮንተንት ማኔጅመንት ባይብል» ማንም አላነሣም፤ እኔ ላንሣው። እ.ኤ.አ. በ2001 የወጣ፣ በጣም ወፍራም መጽሐፍ ነው። ሥራውን መሰብሰብ፣ ማስተዳደርና ማሳተም ብሎ ለሦስት ይከፍለዋል። ለእናንተ ይሄ በጣም ይጠቅማል፤ ምክንያቱም ስካን ማድረግ መሰብሰብ ብቻ ነው። ሉዊ ሮዘንፌልድና ፒተር ሞርቪል ስለ መረጃ አደረጃጀት የጻፉትም አይቅር። እ.ኤ.አ. በ1998 ወጥቶ በ2015 አራተኛው እትም ላይ ደርሷል፤ ሽፋኑ ላይ የዋልታ ድብ አለ። ስያሜ፣ ሜኑና ፍለጋ እንዴት አንድ ላይ እንደሚሠሩ ከሱ የተሻለ ያስረዳኝ የለም።

ወልዴ ዴቭ (ወልድያ)

የድቡን እስማማለሁ። ቦይኮን ግን ለጀማሪ አልመክርም። ቴክኖሎጂው አርጅቷል፣ ገጹም ሰው ያስፈራል። የመጀመሪያዎቹን ምዕራፎች ብቻ ካላችሁ እሺ።

ቦርከና ማዶ (ኮምቦልቻ)

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፣ ለቡድኑ አትሜ ነው የማነበው። አንድ ያስጨነቀኝ ነገር አለ። አለቆቼ «ሕዝቡ ያለው ቴሌግራምና ፌስቡክ ላይ ነው፣ ድረ ገጽ ለምን?» ይሉኛል። ምን ልመልስ?

ወልዴ ዴቭ (ወልድያ)

ካረን ማክግሬን እ.ኤ.አ. በ2012 ስለ ሞባይል ይዘት የጻፈችውን አንብቢ፤ «ኮንተንት ስትራተጂ ፎር ሞባይል» ይባላል። የአሜሪካው ኤንፒአር ሬዲዮ አሠራር በምሳሌነት ይነሣል። አንድ ጊዜ ይጽፋሉ፣ ከዚያ ለድረ ገጹም ለስልኩም ለሌላውም ከአንድ ምንጭ ይሄዳል። ይዘቱ ርዕስ፣ አጭር መግለጫ፣ ሙሉ ጽሑፍ፣ ፎቶ ተብሎ የተከፋፈለ ስለሆነ ነው። ለአለቆችሽ የምትይው ይሄን ነው፤ ቴሌግራም ላይ የወጣ ማስታወቂያ በሳምንቱ ወደ ላይ ሄዶ ይጠፋል። ስሕተት ቢኖረው የተላለፈውን ሁሉ ማረም አይቻልም። ዋናው ድረ ገጹ ላይ ይቀመጥ፣ ቴሌግራም ላይ አጭር መግለጫውና ሊንኩ ይውጣ። በር ላይ የሚለጠፈውም ከዚያው ይታተም።

አዝዋ (ደሴ)

እኔ ስለ ማስቀመጥ ልናገር፤ እዚህ አገር ይሄ የመጽሐፍ ወሬ ብቻ አይደለም። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲደርስ የደሴ ሙዚየም ተዘርፏል። የስንት ቢሮ ኮምፒውተር ከነመረጃው ሄዷል። ሰርቨሩም ባክአፑም አንድ ክፍል ውስጥ የነበረበት ቦታ ሁለቱንም አጣ። ዛሬም ማስረጃውን ፈልጎ የሚንከራተት ሰው አለ፤ ሳየው ልቤ ይደማል።

ዲጂታል ፕሪዘርቬሽን ኮሊሽን የሚባለው ድርጅት ያዘጋጀው መመሪያ በነጻ ኢንተርኔት ላይ አለ። የፋይል ዓይነት ምርጫን፣ ቅጂ አያያዝን፣ ፋይል ሳይበላሽ መቆየቱን ማረጋገጥን ያስተምራል። ፎቶ አንሺው ፒተር ክሮግ ያስተዋወቀውን የ3-2-1 ደንብም ያዙ። ሦስት ቅጂ፣ በሁለት ዓይነት ማስቀመጫ፣ አንዱ ከከተማው ውጭ። ፍላሽ እንደ ቅጂ አይቆጠርም። መብራት በሚቆራረጥበት ቦታ ደግሞ ቅጂው በትክክል መከፈቱን በየጊዜው ሞክሩት።

ቦርከና ማዶ (ኮምቦልቻ)

እንዲህ ልንከፋፈል አሰብን። እኔ ሃልቨርሰንንና የጎቭ ዩኬን መመሪያ፣ የአይሲቲው ባልደረባችን ባርከርን፣ የመዝገብ ቤት ኃላፊዋ አዋጆቹንና የብራናውን ካታሎግ። የኮቨርትን ሦስታችንም። እያነበብን ቆጠራውን አሁኑኑ ብንጀምርስ? ኤክሴሉ ላይ ምን ምን ዓምድ ይኑር?

የመዝገብ ቤት ሰው (ሐይቅ)

አብሽሪ ልጄ፣ ማንበቡ እስኪያልቅ መጠበቅ አያስፈልግም። የማይለወጥ ቁጥር፣ የሰነዱ ርዕስ፣ ዓይነቱ፣ ያወጣው ክፍል፣ ቀኑ በእኛም በፈረንጁም፣ አሁን ያለበት ቦታ እስከ መደርደሪያው ድረስ፣ በወረቀት ነው ወይስ በፋይል፣ የግል መረጃ አለው ወይ፣ በሥራ ላይ ነው ወይስ ተሽሯል።

ጦሳ ስር (ደሴ)

ጋሼ ባሉት ላይ ሦስት ጨምሩ። የላሊበላው ፊደል እንዳለው በምን ፎንት እንደተጻፈ። ይቆይ፣ ይታረም ወይስ ይነሣ የሚል ውሳኔ። የመጨረሻው ደግሞ የባለቤቱ ስም፤ የክፍሉ ስም ሳይሆን የሰውዬው። ያ ዓምድ ባዶ የሆነበት ሰነድ ድረ ገጹ ላይ አይውጣ። የወረቀቱን ቆጠራ ከአንድ መደርደሪያ ጀምሩና ኤክሴሉን እዚህ ለጥፉት፣ አብረን እናየዋለን።